አበባ በሐረግና በቀለም
በላሊበላና በላስታ አብያተ ክርስቲያናት ስለሚገኘው የአበባ ሥዕል አጭር ጥናት

የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመረመሩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የጻፉት ስለ ቅዱሳን መልክ፥ ስለ ዓይናቸው ትልቅነትና ስለ ልብሳቸው እጥፋት ነው። በመልኮቹ ዙሪያ ስላለው ሐረግ፥ ቅጠልና አበባ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። አበባው ባዶ ቦታ ለመሙላት የገባ ጌጥ ይመስል በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት መልኩን ለጊዜው ትተን አበባውንና የተቀባበትን ቀለም ለመመልከት አስበናል።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የላስታ ሰው በየዓመቱ በመስከረም ተራራውና ሸለቆው በአበባ ሲሸፈን እያየ፥ ሠዓሊው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አበባን እንደሚታየው አድርጎ ያልሣለው ስለ ምንድን ነው? ሁለተኛ፥ ከሚያውቃቸው ቀለማት ሁሉ ጥቂቶቹን ብቻ ለይቶ የተጠቀመው በምን ምክንያት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንሰጠው መልስ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የጥንቱ ሠዓሊ ማየት ያልቻለ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሥዕሉን «ለማሻሻል» እጁን ይዘረጋልና፥ የጥንታውያን ሥዕሎቻችን ዕድል በዚህ አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. አገሩና አበባው

የላሊበላ ከተማ፥ በጥንት ስሟ ሮሐ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በላይዋ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ የከፍታ ልዩነት ምክንያት በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ልዩ ልዩ ዕፀዋት ይገኛሉ። በተራራው ራስ ላይ ጅብራ እንደ ዐምድ ቆሞ ይታያል፤ ዝቅ ሲል ቀላ ያለ አበባውን ያንጠለጠለ ኮሶ አለ፤ በየአጥሩና በየገደሉ አፍ ደግሞ ነጭ አበባ የሚያወጣው ቀጋ ይበቅላል። ከሁሉም የታወቀው ግን አደይ አበባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ያብባል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ይረግፋል። ያን ጊዜ ሜዳውና ተራራው ቢጫ ይሆናል።

ሕዝቡ ከዕፀዋት ጋር ያለው ግንኙነት በማየት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በነሐሴ የላስታ ልጃገረዶች በወገባቸው የሚያስሩት ረጅም ሣር ለበዓላቸው ስሙን ሰጥቶ «አሽንድዬ» አሰኝቶታል። በእንቍጣጣሽ ልጆች አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ በመስቀል ደመራው በአደይ አበባ ያጌጣል። ቤተ ክርስቲያንም ለአበባ የተለየ ወራት አላት። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን «ወርኀ ጽጌ» ይባላል፤ የእመቤታችን ወደ ግብፅ መሰደድ የሚታሰብበት ነው። በዚህ ወራት ካህናቱ ሌሊቱን ቆመው በሚያደርሱት ማኅሌተ ጽጌ እመቤታችን በአበባ፥ ልጅዋም በፍሬ ይመሰላሉ። ምሳሌው ከነቢዩ ኢሳይያስ ትንቢት፥ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትር ከሚናገረው ምዕራፍ፥ የመነጨ ነው።

ስለዚህ የላስታ ሠዓሊ አበባን አያውቅም ነበር ለማለት አይቻልም። በዜማ አበባን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነሡ የሚያድሩ ካህናት ባሉበት ደብር፥ አበባን በሥዕል እንዳዩት አድርጎ ያለ መሣል ልማድ ከቸልታ የመጣ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ አለብን።

ለ. ከላስታ በፊት የነበረው

የኢትዮጵያን የአበባ ሥዕል ታሪክ ለመጀመር ወደ ሰሜን፥ ወደ ዐድዋ አካባቢ ወደሚገኘው ወደ አባ ገሪማ ገዳም መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ የሚገኙት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተዘጋጁ ታውቋል። በቀኖና ሰሌዳዎቻቸው ላይ ከተሣሉት ቅስቶች በላይና በአጠገባቸው ወፎችና ዕፀዋት ይታያሉ። የሚያስደንቀው፥ እነዚህ ዕፀዋት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ከተሣሉት ይልቅ ወደ ተፈጥሮ የቀረቡ መሆናቸው ነው። ግንዱ ግንድ፥ ቅጠሉም ቅጠል ይመስላል። የአሣሣሉ መንገድ በዚያ ዘመን በምሥራቅ ሜዲትራንያን አገሮች ሁሉ የታወቀው ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ብዙ ሰዎች ሥዕል በመጀመሪያ ደረቅ እንደ ነበረ፥ ቆይቶም ወደ ተፈጥሮ እየቀረበ እንደ ሄደ አድርገው ያስባሉ። በአገራችን የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተፈጥሮን የሚመስለው አበባ ቀድሞ መጣ፤ ሐረግ የሆነው አበባ ተከተለ። ስለዚህ ሐረግ የችሎታ ማነስ ምልክት ሳይሆን የምርጫ ውጤት ነው ብለን ለመናገር የሚያስችለን አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

«ሐረግ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጕሙን ይነግረናል። በመጀመሪያ በዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ስም ነው። ከዚያ ለዘር ሐረግ ተሰጠ፤ በሰዋስውም ለተያያዙ ቃላት ተሰጠ፤ በብራና መጽሐፍ ላይ ደግሞ የገጽ ራስ ጌጥ ስም ሆነ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገኘው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሳይቋረጥ መያያዝ ነው። ሠዓሊው ከተክሉ የወሰደው መልኩን ሳይሆን አካሄዱን ነው። ሐረጉ ይጠመዘዛል፥ ይሻገራል፥ ተመልሶ ይመጣል፥ በመጨረሻም በጫፉ እንቡጥ ወይም ቅጠል ያወጣል።

ሐ. በድንጋይና በእንጨት ላይ ያሉት አበቦች

በላስታ ይህን ልማድ ከሚያሳዩን ሥራዎች መካከል አራቱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል። የሠራው ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጔው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይነገራል። ግድግዳው በአክሱም ሥርዐት እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሆኖ ድንጋዩ በነጭ ተለስኗል። የጣሪያው እንጨት በብዙ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው፤ በየክፍሉ መስቀሎች፥ የተጠላለፉ መስመሮች፥ አራዊትና አዕዋፍ በቀለም ተሥለዋል። የግድግዳው ሥዕሎችም በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ከጥንታውያኑ የሚቈጠሩ ናቸው። አንዳንድ ሊቃውንት የጣሪያውን ጌጥ በፋጢማውያን ዘመን በግብፅ ከነበረው ጥበብ ጋር አስተያይተውታል። ዛጔዎች ከእስክንድርያ መንበር ጋር በነበራቸው ግንኙነት ሰዎችና ዕቃዎች ይመላለሱ ስለ ነበር ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው በላሊበላ ከሚገኙት ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው ቤተ ማርያም ነው። ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠ ሲሆን፥ በ1204 እና በ1225 የተጻፉ የርስት ሰነዶች ስሙን ያነሣሉ። ቤተ ማርያም በውስጡ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በቀለምና በቅርጽ ያጌጠ ነው። በዐምዶቹ ራስ፥ በቅስቶቹ ሆድና በጣሪያው ላይ ድንጋዩ በመጀመሪያ በመሮ ተቀርጾ ኋላ ቀለም ተቀብቷል። በላይኛው የግድግዳ ክፍል የወንጌል ታሪክ፥ አዕዋፍና እንስሳት ተሥለዋል። ዘመናቸው በሊቃውንት መካከል ክርክር ቢያስነሣም፥ ሥዕሉና ቅርጹ አንድ አሳብ ይዘው እንደሚሄዱ ማንም ሊያይ ይችላል።

በዚህ ቤት ያለው የአበባ ቅርጽ ከክብና ከመስቀል የሚወለድ ነው። ክቡ ይከፈላል፤ ክፍሎቹ እንደ አበባ ቅጠል ይዘረጋሉ፤ መካከሉ መስቀል ይሆናል። ተመልካቹ በአንድ ጊዜ አበባም መስቀልም ያያል። ሠዓሊው ቀጋን ወይም አደይ አበባን ለይቶ ሥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ እጥፍ ትርጕም ሊገኝ ባልቻለ ነበር።

ሦስተኛው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። በዚህ ቀለም የለም፤ አበባው የሚገኘው በድንጋዩ ብቻ ነው። የታችኛው ረድፍ 9 መስኮቶች የተደፈኑና በአክሱም ዐይነት የተቀረጹ ሲሆኑ፥ የላይኛው ረድፍ 12 መስኮቶች ግን ጫፋቸው የሾለ ቅስት አላቸው፤ በቅስቱም ዙሪያ የተጠመዘዘ የቅጠል ሐረግ ተቀርጿል። በአንድ ሕንፃ ላይ ከታች የአክሱም ቀጥተኛ መስመር፥ ከላይ የሚያብብ ቅስት ይታያል። ድንጋዩ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ እንደ ተክል ያቆጠቁጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛው ከላሊበላ በስተምሥራቅ የሚገኘው ገነተ ማርያም ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ይኵኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት (1270–1285) የተሠራ ሲሆን፥ የንጉሡ መልክ ራሱ በግድግዳው ላይ ተሥሎ ይገኛል። በዚያው ዘመን፥ በ1280 ወይም በ1281፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ተጻፈ። ስለዚህ ከላስታ እስከ ሐይቅ ባለው አገር በአንድ ትውልድ ውስጥ የግድግዳና የብራና ሥዕል አብረው ይሠሩ እንደ ነበር እናያለን። የቤተ ክርስቲያኑ ስም «የማርያም ገነት» ማለት መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል። ግድግዳው ሁሉ በሥዕል መሸፈኑ ከስሙ ጋር ይስማማል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ወደ አትክልት ቦታ እንደሚገባ ያህል ነው።

መ. ስለ ቀለሙ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን እንመለስ። በእነዚህ ሥዕሎች የሚበዙት ቀለማት ቀይ፥ ጥቁር፥ ነጭና ቢጫ ናቸው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ በተወሰነ ቦታ ይገባሉ። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች ይታዩናል።

የመጀመሪያው የቀለሙ መገኛ ነው። ጥቁር ከጥላሸት ይገኛል፤ ነጭ ከጀሶ ወይም ከኖራ ይገኛል፤ ቀይና አፈርማ ቢጫ ብረት ካለበት አፈር ይገኛሉ። እነዚህ በደጅ ያሉ ናቸው። ጠንካራው ሰማያዊ፥ የጠራው ቢጫና ደማቁ ቀይ ግን በንግድ የሚመጡ ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአገራችን ሥዕሎች ላይ የተደረገ የቤተ ሙከራ ምርመራ ሜርኩሪ ያለበትን ደማቅ ቀይ፥ አርሴኒክ ያለበትን ቢጫና ኢንዲጎ የሚባለውን ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ አሳይቷል። በብዙ ጥንታውያን ሥዕሎች አረንጓዴው የሚገኘው ሰማያዊውን ኢንዲጎ ከቢጫው ጋር በማደባለቅ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው አንድ አረንጓዴ ቅጠል ለመሣል ሁለት ውድ ቀለማት ማጥፋት ይኖርበት ነበር። በላስታ ሐረግ ውስጥ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መስኮቱ ትንሽ፥ ውስጡም ጨለም ያለ ነው። የቤተ ማርያም ጣሪያ ከወለሉ የራቀ ነው፤ የሚያየው ሰው በጧፍ ብርሃን ወይም በመስኮት በምትገባ ጥቂት ፀሐይ ነው። ተፈጥሮን የሚመስል አበባ ሕይወቱ በጥላ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንዱ ቢጫ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ፥ አንዱ ቀይ ወደ ሮዝ እየተለወጠ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ስስ ልዩነት ከዚያ ከፍታ፥ በዚያ ጨለማ ውስጥ አይታይም፤ አበባው ሁሉ አንድ ደብዛዛ ነጥብ ይሆናል። ቀይ በነጭ ላይ፥ ጥቁር በቢጫ ላይ፥ በጥቁር መስመር ተከቦ ሲቀመጥ ግን ከሩቅ ይነበባል። ሠዓሊው የመረጠው ቀለም ለቤቱ የሚስማማው ነው።

ሦስተኛው የቀለም ስም ነው። በአማርኛ ቀይ፥ ጥቁርና ነጭ የራሳቸው ግሥ አላቸው፤ «ቀላ»፥ «ጠቆረ»፥ «ነጣ» እንላለን። ሰማያዊ ከሰማይ፥ ቡናማ ከቡና፥ ወይን ጠጅ ከመጠጡ፥ ቅጠልያም ከቅጠል የተዋሱ ስሞች ናቸው፤ የራሳቸው ግሥ የላቸውም። ቋንቋው ሠዓሊውን አስገደደው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በንግግራችን መሠረት የሆኑት ሦስት ቀለማት በላስታ ሥዕልም የመስመሩና የመሬቱ ቀለማት መሆናቸው፥ የሕዝቡ ዐይንና የሠዓሊው እጅ አንድ ልማድ እንደ ነበራቸው ያሳያል።

በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር አለብን። ዛሬ የምናየው ቀለም ሠዓሊው ያስቀመጠው ራሱ አይደለም። የዕጣንና የጧፍ ጢስ ነጩን አጥቁሮታል፤ አርሴኒክ ያለበት ቢጫ ብርሃን ሲያገኘው እየነጣ ይሄዳል፤ ኢንዲጎም እንዲሁ ይደበዝዛል። ከሁለቱ የተደባለቀ አረንጓዴ አንደኛው ሲጠፋ ወደ ሌላኛው ያደላል። ስለዚህ አንድ ቅጠል ሰማያዊ ሆኖ ብናገኘው ሠዓሊው ቅጠልን ሰማያዊ አድርጎ ያይ ነበር ብለን መፍረድ አይገባንም።

ሠ. እንደሚታየው የተሣለ አበባ

ከላስታ ውጭ፥ በኋለኛው ዘመን፥ አበባ በሌላ መንገድ መሣል ጀመረ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468) የእመቤታችን በዓላት በዝተው ተአምረ ማርያምም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ሲታዘዝ፥ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እመቤታችንን አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ይዛ ሣላት። እዚህ ላይ አበባው ከክፈፉ ወጥቶ በእጅ ገባ። ዙሪያውን ያጌጥ የነበረው ነገር አሁን በሥዕሉ መካከል ትርጕም ያለው ዕቃ ሆነ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን፥ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ሁለተኛ ዘመን (1730–1755)፥ የጎንደር ሠዓሊዎች አበባን በልብስ ላይ አመጡት። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው አበባ ያለበት ሐር በመኳንንቱ ላይ ይታይ ስለ ነበር ሠዓሊዎቹ በቅዱሳንና በእመቤታችን ልብስ ላይ አደረጉት። እቴጌይቱ በጣና ደሴት ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ራሳቸው ባጌጠ ልብስ ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥለው ይታያሉ። በዚሁ ዘመን ፊት በጥላ መሣልና የጀርባውን መሬት ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እያደበዘዙ ማውረድ ተለመደ። አበባው ወደ ተፈጥሮ የቀረበው እንግዲህ ከሜዳ ተወስዶ ሳይሆን ከጨርቅ ተወስዶ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙ ወዲህ፥ ተማሪዎች ዕቃን ፊት ለፊት አስቀምጠው በጥላና በብርሃን መሣልን ተማሩ። ይሁን እንጂ ከዚያው ትምህርት ቤት መምህራን መካከል እስክንድር በጎስያን ወደ ጥንቱ የብራናና የጠልሰም መስመር ተመለከተ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ቀለምን ከዕቃው ለይቶ ለብቻው እንዲናገር አደረገ። ስለዚህ እንደሚታየው መሣልን በሚገባ የተማሩት ሰዎች ራሳቸው የመጨረሻው ግብ አድርገው አልቈጠሩትም።

ለማነጻጸር ያህል፥ በአውሮፓ የአበባ ሥዕል ከሁሉ ይበልጥ የከበረው በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድ ነው። እነራኼል ሮይሽ (1664–1750) የሣሏቸው አበቦች ጠል ያለባቸው፥ ትንኝ ያረፈባቸው እስኪመስሉ ድረስ ከተፈጥሮ ጋር ይተካከላሉ። ነገር ግን በአንድ ማሰሮ ውስጥ የሚታዩት አበቦች ብዙ ጊዜ በአንድ ወራት የማያብቡ ናቸው። ሠዓሊው በየወራቱ ለየብቻ ያጠናቸውን ሰብስቦ በአንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። ያን ፋን ሆይሱም የተባለው ሠዓሊም ቢጫ ጽጌ ረዳ ስላጣ ሥዕሉን እስከሚቀጥለው ጸደይ ለመጨረስ አለመቻሉን በ1742 በደብዳቤ ገልጿል። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥም ቢጫው ጠፍቶ ቅጠላቸው ዛሬ ሰማያዊ የሆኑ አሉ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ «እንደሚታየው» የተሣለው አበባም የአሳብ ሥራ መሆኑ ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ የአራቱን ወራት አበቦች በአንድ ማሰሮ አደረገ፤ የላስታው ሠዓሊ አበባንና መስቀልን በአንድ ክብ አደረገ። የመጀመሪያው ስለሚረግፍ ውበት ተናገረ፤ ሁለተኛው ስለማይረግፍ ውበት ተናገረ። አደይ አበባ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ኖሮ ይጠፋል፤ በቤተ ማርያም ጣሪያ ላይ ያለው ግን ስንት ትውልድ ሲተካካ ሳይረግፍ ቆይቷል። ሠዓሊው የፈለገው ይህንኑ ከሆነ፥ ቢጫ ጥላና የሚደርቅ ቅጠል ለዓላማው አይጠቅሙትም ነበር።

ረ. በሥዕሉ ላይ ያለው አደጋ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ሲጽፍ፥ ከዚህ የበለጠ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ መፍራቱን ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በ500 ዓመታት ውስጥ ዝናብ፥ ነፋስና ጢስ ያደረሱት ጉዳት ብዙ ነው። ነገር ግን በበጎ አሳብ የተቀባ ቀለም ያደረሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ዓለት በሬንጅና በቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከ1966 ጀምሮ በኢጣሊያዊው የሕንፃ ባለሙያ በሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት በተደረገው የጥገና ሥራ ይህ ልባስ ከብዙ ድካም በኋላ እንዲነሣ ሆነ። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ2008 ደግሞ ቤተ ማርያምን ጨምሮ አምስቱ በመጠለያ ተሸፈኑ።

የዓለቱ ታሪክ ለሥዕሉም ምሳሌ ይሆናል። የጥንቱ ቀለም ከቆዳ ተቀቅሎ በሚገኝ ሙጫና በመሳሰለው የተለወሰ ስለ ሆነ ውሃ ያነሣዋል። አቧራ ለማራገፍ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ግድግዳ ሥዕሉን ከጨርቁ ጋር ይሰጣል። የፋብሪካ የዘይት ቀለም በላዩ ሲቀባ ደግሞ ግድግዳው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል፤ እርጥበቱ ከውስጥ ገፍቶ አዲሱንም አሮጌውንም ቀለም አብሮ ይጥለዋል። ከዚህ ሌላ ደብዛዛ ሐረግን «የበለጠ ሕያው» ለማድረግ ጥላና ደማቅ አረንጓዴ የሚጨምር ሠዓሊ፥ ሳያውቀው የአበባውንና የመስቀሉን አንድነት ያፈርሳል። አበባው አበባ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት አሳቦችን እናቀርባለን።

1. በላስታ የሚገኙት የአበባና የሐረግ ሥዕሎች በየቤተ ክርስቲያኑ እየተቈጠሩ፥ ቦታቸው፥ መጠናቸውና ቀለማቸው በመዝገብ እንዲጻፍ፥ ፎቶግራፋቸውም እንዲነሣ፤ ይህም ከቅዱሳኑ ሥዕል እኩል እንጂ በኋላ የሚታሰብ እንዳይሆን።

2. ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቀለሙ ዐይነት በቤተ ሙከራ እንዲታወቅ፤ የጠፋው ክፍል በግምት ከሚሞላ ባዶውን እንዲተው።

3. ሐረግ መሣልን፥ ብራና መፋቅንና ቀለም መበጥበጥን የሚያውቁ ካህናትና ደብተሮች በሕይወት ሳሉ ዕውቀታቸው እንዲጻፍ፤ ወጣቶችም ከእነርሱ እንዲማሩ። በአዲስ ብራና ላይ የሚሠራ አዲስ ሐረግ ማንንም አይጎዳም፤ በአሮጌ ግድግዳ ላይ የሚጨመር አዲስ አበባ ግን ተመልሶ አይነሣም።

ሰ. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ዘረዘርነው፥ የላስታ ሠዓሊ አበባን እንደሚታየው ያልሣለው አበባን ስላላየ አይደለም። ከእርሱ በፊት ተፈጥሮን የሚመስል አበባ በአገሩ ተሥሎ ነበር፤ በዙሪያውም አበባ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን የሚሣልለት ቤት ጨለማ፥ ቀለሙ ጥቂት፥ የሚያገለግለው አሳብም ከወራት ወራት የማይለወጥ ስለ ነበረ፥ ከአበባ ውስጥ ክቡን፥ መጠምዘዙንና ማበቡን ብቻ ወስዶ ከመስቀሉ ጋር አዋሐደው። ቀይን፥ ጥቁርንና ነጭን የመረጠውም እነዚህ በደጁ የሚገኙ፥ በጨለማ የሚነበቡና በሕዝቡ ቋንቋ ሥር የሰደዱ ስለ ሆኑ ነው።

ስለ ቅዱሳን መልክ የሚደረገው ምርምር እንዳለ ሆኖ፥ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ወደ ላስታ በሚሄዱበት ጊዜ ዓይናቸውን ወደ ቅስቱ ሆድና ወደ ጣሪያው ጥግ ቢያነሡ ብዙ ያልተጻፈ ነገር ያገኛሉ። ጊዜ ግን ለሁሉም አይበቃም፤ ቢጫው በየቀኑ ይነጣል፥ ጢሱም በየቀኑ ይከማቻል። መዝገቡ በቶሎ ሊጀመር የሚገባው ስለዚህ ነው።